የጋሼ ነጭ

ጥቅምት 6

ወንድም ዓለም፣

እንደምን ከርመሃል? እኛ ደህና ነን። ደህና ያልሆነውን ወደ ታች ስትወርድ ታገኘዋለህ፤ እንደ ልማድህ ዘለህ መጨረሻውን እንዳታነብ።

አዎ፣ ሣጥኑ ደርሷል። አልተሰበረም፣ አልረጠበም፣ ማንም አልከፈተውም። የፖስታ ቤቷ ሴትዮ ውስጡ ምን እንዳለ ስትጠይቀኝ አውሮፕላን ነው አልኳት፤ የቀለድኩ መስሏት ሳቀች። አገጬን ክዳኑ ላይ አሳርፌ፣ የምረግጠውን ሳላይ ቤት ደረስኩ።

ጋሼ መጀመሪያ ተቆጡ። አጎት በስተርጅናው መጫወቻ ይላክለታል ወይ ብለው ሣጥኑን በእግራቸው ገፋ አደረጉት። እኔም ወደ ስፌቴ ተመለስኩ። እንደምታውቀው የስፌት መኪናዬን ከሳሎኑ የሚለየው መጋረጃ ብቻ ነው፤ ትንሽ ቆይቶ ክዳን ሲከፈት፣ ፕላስቲክ ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ። መጋረጃውን ገለጥ አድርጌ ሳይ፣ ያን ሁሉ ቁርጥራጭ ምግብ ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው አንዱን ክንፍ አፍንጫቸው ድረስ አስጠግተው ያገላብጡታል። "እስቲ ጠረጴዛዋን ወደ መስኮቱ ሳቢልኝ፣ መርፌ" አሉ፤ ዛሬም የሚጠሩኝ በዚያው ስም ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሳና እራታችንን የምንበላው የልብስ መተኮሻ ጠረጴዛው ላይ ነው።

ስለ ዓይናቸው ጠይቀኸኝ በስልክ ያድበሰበስኩብህ፣ ስልኩ ሳሎን ስለሆነ ነው። የጋሼ ዓይን ቢደክምም ጆሯቸው ገና ወጣት ነው። ስለዚህ ለስላሳውን ወሬ በስልክ፣ ጠንከር ያለውን በደብዳቤ እናድርገው።

ሐኪሙ ሁለቱም ዓይናቸው በሞራ ተጋርዷል ብሏል፤ የቀኙ ይብሳል። ቀዶ ሕክምናው ቀላል ነው፣ ነገር ግን በቆየ ቁጥር ሞራው እየጠጠረ ሥራው ይከብዳል፤ ቢበዛ ከጥር እንዳያልፍ አለኝ። ጋሼ ግን ታምሜያለሁ ብለው አያምኑም። አምፖሉ ነው የደከመው ብለው የቤቱን አምፖል ሁሉ ለወጡ። ሸሚዛቸው ቢጫ የሚመስላቸው ሳሙናው ስለተበላሸ ነው፤ ቀጥሎ ደግሞ እኔ ማጠብ ስለረሳሁ ነው። ባለፈው ጥቁር ክር አቀብሉኝ ስላቸው ጥቁር ሰማያዊውን ሰጡኝ። ዞር ሲሉ በጥቁሩ ለወጥኩት።

የሚፈሩት ምን እንደሆነ አንተም ታውቀዋለህ። አርባ ዓመት ጋራዥ ውስጥ የሰው መኪና የቀቡት በዚያ ዓይን ነው። የተጋጨ መኪና ቀለም አንዴ አይተው፣ ቀይጠው ሲያመጡት፣ ጥገናው ከየት እንደ ጀመረ ባለቤቱ እንኳ አያገኘውም ነበር። አሁን አንድ ወጣት ሐኪም በዚያ ዓይን ውስጥ ስለት ላግባ ሲላቸው እንዴት እሺ ይበሉ?

ግን ስማኝ፣ ትናንት አንድ ነገር ተናገሩ። ይህን አውሮፕላን ገጣጥሜ፣ በገዛ ዓይኔ ቀብቼ ስጨርስ፣ ከዚያ ሐኪሙ ያሻውን ያድርግ፤ ሳልጨርስ ግን ማንም ዓይኔን አይነካም አሉ። "ከዚያ" የሚል ቃል ከአፋቸው ሲወጣ ይህ የመጀመሪያው ነው። እኔም ደስ ብሎኝ የጠረጴዛውን ነገር ይቅር ብዬሃለሁ።

እህትህ


ጥቅምት 24

እህት ዓለም፣

ስለ ዘገየሁ ይቅርታ። እዚህ ወደቡ ላይ ነፋሱ በርትቶ ክሬኖቹ ቆመው ነበር፤ ነፋሱ ሲያባራ ደግሞ ያልተራገፈው መርከብ ሁሉ በእኛ ላይ ተከመረ። ከክሬኑ ጫፍ ካለችው የመንጃ ጎጆዬ ስወርድ ብዕር መያዝ ቀርቶ ማንኪያም አልቻልኩም።

ለምን መኪና አልላክህም ብለሽ በስልክ ጠይቀሽኝ ነበር። መኪናማ ለእሳቸው ሥራ ነው። ትዝ ይልሽ እንደሆነ አላውቅም፤ ትምህርት ጨርሼ ወደዚህ ልመጣ ስል፣ ደረጃው ላይ ተቀምጠን ስለ ሥራቸው አጫወቱኝ። መኪና ቀብቻለሁ፣ አውቶብስ ቀብቻለሁ፣ አንድ ጊዜ የጥርስ ሐኪም ወንበር ሳይቀር ቀብቻለሁ፣ አውሮፕላን ግን ማንም አላመጣልኝም አሉ። ቀልድ ነበር፣ ግን ከሳቁ በኋላ ወደ ሰማይ አዩ። ያንን ሣጥን ሱቅ ውስጥ ሳይ፣ ክዳኑ ላይ ያ ባለ ሁለት ሞተር ነጭ አውሮፕላን ተሥሎ፣ እግሬ ከዚያ አልነቀል አለኝ። እንግዲህ አመጣሁላቸው።

መሐላቸውን ስትነግሪኝ ልቤ ቅቤ ጠጣ። አይዞሽ፣ እሳቸው ከተናገሩ ተናገሩ ነው። አንድ ነገር ብቻ አስታውሺያቸው። አውሮፕላኑ የሚቆመው በሦስት ጎማ ስለሆነ፣ ሆዱ ከመዘጋቱ በፊት አፍንጫው ውስጥ ክብደት መግባት አለበት፤ አለበለዚያ ወደ ኋላው ይወድቃል። መመሪያው ላይ በትንሽ ሥዕል ተመልክቷል። ጋሼ መመሪያ እንደማያነቡ ስለማውቅ ነው የምነግርሽ።

የሞራው ነገር ግን ያሳስበኛል። ሳታስመስዪ አጣድፊያቸው።

ወንድምሽ፣ ረጅሙ


ኅዳር 12

ረጅሙ፣

ምክርህ አንድ ቀን ዘግይቶ ደረሰ። ሆዱ ተዘግቶ፣ ተጣብቆ፣ ጎማዎቹ ገብተው ነበር። ጋሼ ጠረጴዛው ላይ በኩራት ሲያቆሙት አውሮፕላንህ አፍንጫውን ወደ ጣሪያ አንሥቶ ጭራው ላይ ቁጢጥ አለ። እሳቸው መልሰው ያቆሙታል፣ እሱ ቁጢጥ ይላል። ለረጅም ጊዜ አዩትና ደክሞታል መሰለኝ አሉ። ሳቄን መጋረጃ ውስጥ ገብቼ ነው የሳቅኩት።

መዶሻን ታስታውሳቸዋለህ? ጋራዥ ውስጥ የተጨራመተ ላሜራ ሲቀጠቅጡ የኖሩት፣ የጋሼ ጓደኛ፣ ሳያንኳኩ የሚገቡት። እሳቸው ከጋራዡ ለጎማ ሚዛን የሚሆነውን የእርሳስ ብረት በኪሳቸው ሞልተው አመጡ። ሁለቱ ሽማግሌዎች የአፍንጫውን መገጣጠሚያ በቀጭን መጋዝ ከፈቱት፤ እኔ ስፌት ስፈታ እንደማደርገው ቀስ ብለው። እርሳሱን ሞልተው ሲዘጉት በሦስት እግሩ ቆመ። መዶሻም አፍንጫው እንደ ባለቤቱ ከበደ ብለው ሄዱ።

አዎ፣ እየዘገየ ነው። ያልጻፍኩልህም ለዚህ ነው። ሰኞ የለጠፉትን ሞተር ሐሙስ ይነቅሉታል። ስንጥቅ የሚደፍነውን ስቱኮ ይለቀልቃሉ፣ ብርጭቆ ወረቀት በውሃ ነክረው ያሻሉ፣ በጣታቸው ይዳስሳሉ፣ እንደገና ይለቀልቃሉ። የመኪና አካል ነው እንዴ ስላቸው አውሮፕላን ከመኪና ያንሳል እንዴ አሉኝ። መጀመሪያ ጥንቃቄ መስሎኝ ነበር፤ አሁን ግን መጨረስ እንዳልፈለጉ ገብቶኛል። ሐኪሙም በመንገድ አግኝቶኝ ምነው ከቀጠሮው ጠፋችሁ አለኝ።

አንድ ነገር አለ። ልተወው ብዬ ነበር፣ ሆዴ ግን አልቻለም።

ከሣጥኑ ጋር የላክኸውን ነጭ ቀለም ባለፈው ሳምንት ከፈቱት። "ይሄ ነጭ ነው? ይሄ የከረመ ቅቤ ነው" አሉ። ፋብሪካው ሰው ያታልላል ብለው አማረሩና ከድሮ የሥራ ሣጥናቸው ሰማያዊ አወጡ። ነጭን የሚያነጣው ጠብታ ሰማያዊ ነው ሲሉ ድሮም ሰምተናቸዋል። አንድ ጠብታ አደረጉ፣ አማሰሉ፣ አዩ፣ አልጠራም አሉ። ሌላ ጨመሩ። እኔ ቁልፍ እየተከልኩ በመጋረጃው ቀዳዳ አያለሁ፤ ቀለሙ ሰማያዊ እየሆነ ሄደ። ቀቡት። አሁን ከክንፍ እስከ ጭራ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም መስሏል። እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው አዩትና "አሁን ነጭ ሆነ። አይደለም እንዴ?" አሉኝ።

ቆንጆ ነው አልኩ።

እህትህ


ኅዳር 27

እህት ዓለም፣

ደብዳቤሽን ጎጆዬ ውስጥ ሆኜ ሦስቴ አነበብኩት። ከታች ያሉት ልጆች እቃው ይውረድ እያሉ እጃቸውን ሲያወዛውዙ አላየኋቸውም።

በደህናው ቀን ይቅርታ እጠይቅሻለሁ፣ ዛሬ ግን እውነቱን ልናገር። ንገሪያቸው። ሐኪሙ ያላሳመናቸውን ያ ሰማያዊ ያሳምናቸዋል። ሌላውን ሰው ሁሉ መጠርጠር ይችላሉ፤ አምፖሉን፣ ሳሙናውን፣ ፋብሪካውን። የራሳቸውን ሥራ ግን ሊጠረጥሩ አይችሉም። እጃቸው ላይ ያለ ማስረጃ ነው። አንቺ ቆንጆ ነው ባልሽ ቁጥር ሞራው እየጠጠረ ነው።

አዎ፣ እኔ የላክሁት ነገር መዘዝ አመጣ። ያንንም አውቃለሁ። መሐላውን እኔ በላክሁት ሣጥን ላይ ነው የማሉት፤ ካላለቀ አይሄዱም፣ እንዳይሄዱ ደግሞ አይጨርሱም። ሌሊት እሱን ሳስብ እንቅልፍ አጣሁ። ዓይናቸው ጠፍቶ ምክንያቱ እኔ ብሆንስ?

አንቺ ካልቻልሽ በሚቀጥለው ስደውል እኔው እነግራቸዋለሁ።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 5

እንዳትሞክረው።

አንተ እዚያ ሰማይ ላይ ተቀምጠህ ስታይ ሁሉም ነገር ትንሽ ነው፤ ብድግ አድርገህ ቁጭ ታደርገዋለህ። እኔ ጠዋት ጠዋት በመተኮሻው ጠረጴዛ ፊት ለፊታቸው ተቀምጬ ሻይ እጠጣለሁ።

ልጆች ሳለን የአንድ መኪና በር ከቀረው አካል ጠቆር ብሎ ወጣ ተብለው፣ ሳምንት ሙሉ ከሰው ጋር ያልተነጋገሩትን ረሳኸው? ደጅ ወጥተው በባዶ ግድግዳ ላይ ሲያፈጡ እኔና አንተ በመስኮት እናያቸው ነበር። ያ ደግሞ ጥቂት መጥቆር ነው። አሁን ነጭ ብለው የቀቡት ሰማያዊ ነው ብዬ ብነግራቸው፣ ሐኪም ቤት የሚሄዱ ይመስልሃል? ከእንግዲህ ዓይን ምን ያደርግልኛል ብለው ጭራሽ ቢተዉትስ? እኔ የምፈራው እሱን ነው። የሞራው ነገር መድኃኒት አለው፣ የተሰበረ ቅስም ግን በምን ይጠገናል?

የቀረው ቀዩ መስመርና የአብራሪው መስታወት ብቻ ነው። እየለመንኩ፣ እየቀለድኩ አስጨርሳቸዋለሁ። ከዚያ መሐላቸው ይይዛቸዋል።

ይህን ጽፌ ልለጥፈው ስል ተቆጣሁብህ ብዬ አዘንኩ። በአንተ ሣጥን ምክንያት አይደለም፣ እንዲያ እንዳታስብ። ሣጥኑ ከመጣ ወዲህ ከሬዲዮው ጋር መጨቃጨቅ ትተዋል፣ ጠዋት ይላጫሉ። ክፉውን ብቻ ጽፌ ደህናውን ሳልጽፍልህ ቀርቼ ነው። ግን ዛሬ ደግሞ ነጩ ሦስተኛ ዙር ያስፈልገዋል ብለዋል።

እህትህ


ታኅሣሥ 19

ወንድም ዓለም፣

ተቀምጠህ አንብበው። ጋሼ አውቀዋል። አይ፣ እኔ አይደለሁም የነገርኳቸው፤ አንተም እንዳልሆንክ አውቃለሁ።

መዶሻ ናቸው። ማክሰኞ ሳያንኳኩ ገቡ፣ ከእርሳሱ ወዲህ አላዩትም ነበር። ኮፍያቸውን አውልቀው በአውሮፕላኑ ዙሪያ ዞሩ። ከልባቸው ነው የተደነቁት። "ወይ ጉድ፣ እንዲህ ያለ ሰማያዊ በዕድሜዬ አላየሁም። ከየት አመጣኸው?" አሉ።

ጋሼ ቀልድ መስሏቸው ፈገግ አሉ። መዶሻ ግን አልቀለዱም፤ ያንን ሰማያዊ ማመስገናቸውን ቀጠሉ። መዶሻ ድንገት ወደ እኔ ሲያዩ ከፊቴ ላይ ምን እንዳነበቡ እንጃ፣ አንድ ጉዳይ ትዝ አለኝ ብለው ሻያቸውን ሳይጨርሱ ወጡ። ጋሼ ከአውሮፕላኑ አጠገብ አልተነሡም። እራት አልበሉም፤ እኔም አልበላሁም።

በማግሥቱ ጠዋት የክር ሣጥኔን ሳይጠይቁኝ ወስደው ጠረጴዛው ላይ ዘርግፈውታል። ነጭ የመሰላቸውን ክር ሁሉ መርጠው በክንፉ ላይ ደርድረዋል። ጠሩኝ። መጋረጃውን አልፌ ሄድኩ።

"መርፌ፣ አሁን አትዋሺኝ። ይሄ ክር ምንድን ነው?"

"ነጭ ነው።"

"ክንፉስ?"

ወንድሜ፣ መዋሸት እችል ነበር። አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ግን እንደዚያ ባለ ዓይን አይተውኝ አያውቁም፤ ልጅ ሆኜ ጠፍቼ ሲያገኙኝ ካዩኝ በስተቀር።

"ሰማያዊ ነው፣ ጋሼ።"

"ብዙ?"

"ብዙ።"

እጃቸውን ክንፉ ላይ አሳረፉ፤ በእጅ የሚታወቅ ይመስል። ከመቼ ጀምሮ ታውቂያለሽ አሉኝ፣ ከቀቡት ቀን አልኩ። ለምን ዝም አልሽ አሉኝ፣ ቅስምዎ እንዳይሰበር ፈርቼ አልኩ። ማልቀስ ጀምሬ ነበር።

"ቅስሜን ተይው። እኔ የጠየቅሁሽ ቀለሙን ነው" አሉ። ከዚያ ብሩሹን በጨርቅ ጠርገው ወደ ሣጥኑ መለሱና "በዚህ ዓይን ከእንግዲህ ብሩሽ አላነሣም። ቀጠሮው መቼ ነበር?" ብለው ጠየቁኝ።

ሳልጨርስ አልሄድም ያሉት ሰው፣ ሳልሄድ አልጨርስም አሉ። አውሮፕላኑን አንሶላ አልብሰውታል። የእኔን አንሶላ። ሐኪሙ ጋ ዛሬ አብረን ሄድን፤ ጥር 4 ቀኙን ይሠራላቸዋል።

አሁን ስናወራ፣ አንተም ትክክል ነበርክ፣ እኔም ትክክል ነበርኩ። ማወቅ ነበረባቸው። እኔ ወይም አንተ ብንነግራቸው ግን አዝነንላቸው እንደሆነ አድርገው ይወስዱት ነበር። መዶሻ አልነገሯቸውም፣ አደነቋቸው። በአድናቆት ውስጥ የመጣን ነገር እንዴት ይክዱታል?

ሞራው ጠጥሯል ብሏል ሐኪሙ። ይህን አልደብቅህም። እሠራዋለሁ፣ ግን ቀላል የምለው አይደለም ነው ያለው።

እህትህ


ጥር 10

እህት ዓለም፣

ምነው ጠፋሽ? ከጥር አራት በኋላ አንድም ወረቀት አልደረሰኝም። ስልኩ ይጠራል፣ ማንም አያነሣም። የስፌት ደንበኛሽ ጋ ደወልኩ፣ ቤቱ ተዘግቷል አለችኝ። ፈቃድ ጠየቅሁ፣ የሚተካህ ሰው እስኪመጣ ጠብቅ ተባልኩ። እየጠበቅሁ ነው።

መጥፎም ቢሆን ጻፊልኝ። የማላውቀው ነገር ከማውቀው ይበልጥ እየበላኝ ነው። ንገሪያቸው ብዬ የወተወትኩት እኔ ነኝ፣ ሣጥኑን የላክሁት እኔ ነኝ፤ ዛሬ ሁለቱንም ባላደረግሁ እላለሁ።

እቃ ሳወርድ ሁሉ ቀስ እያልኩ ነው። ከታች ያሉት ልጆች ምን ሆኖ ነው ይሉኛል።

ረጅሙ


ጥር 18

ወንድም ዓለም፣

እፎይ በል። ያያሉ።

ይህን ከላይ የጻፍኩት ዘለህ መጨረሻውን እንዳትፈልግ ነው። አሁን ይቅርታዬን ስማ። በጥር አራት ደም ግፊታቸው ከፍ ብሎ ሐኪሙ አልነካም አለ። ወደ ቤት ከላክኋቸው አይመለሱም ብሎ አስተኛቸው፤ እኔም አጠገባቸው ወንበር ላይ ከረምኩ። ተራዘመ ብዬ ብጽፍልህ ከላይ ሆነህ ምን ታስብ እንደ ነበር ስለማውቅ፣ ግማሽ ወሬ አልልክም ብዬ ነው። ጥፋቴ ነው። ደብዳቤህ ዛሬ ደርሶኝ አንብቤው ወዲያው ብዕር አነሣሁ።

ትናንት በስቲያ ተሠሩ። ከታሰበው በላይ ቆየ። ኮሪደሩ ላይ ተቀምጬ የቀሚሴን ጠርዝ ስፈታ እንደ ነበር ያወቅሁት ነርሷ ስትነግረኝ ነው። ትናንት ሐኪሙ ሽፋኑን አነሣላቸው። መጀመሪያ ጣሪያውን አዩ፣ ከዚያ እጃቸውን፣ ከዚያ እኔን። "አንቺ ልጅ፣ ጸጉርሽ መቼ ነው የሸበተው?" አሉኝ። እንደዚያ ደስ ያለኝ ስድብ የለም። ሐኪሙ፣ ነርሷ፣ እኔ፣ ሁላችንም ሳቅን። እሳቸው አልሳቁም፤ የሐኪሙን ጋውን እያዩ፣ ይሄ ነው እንዴ ነጭ ይሉ ነበር።

አውሮፕላኑ አሁንም በአንሶላዬ ተሸፍኗል። ቤት ገብተው እንደ ተቀመጡ ግለጪልኝ አላሉም። ሐኪሙ ለጥቂት ሳምንት ከቀለምና ከአቧራ ይራቁ ብሏል፤ የቀረውን ራሳቸው ይጽፉልሃል።

እህትህ


የካቲት 20

ለረጅሙ፣

ጤና ይስጥልኝ። የእጅ ጽሕፈቴን ይቅር በል፤ ዓይኔ ድኗል፣ እጄ ግን ድሮም ለብሩሽ እንጂ ለብዕር አልተፈጠረም። ይህን የምጽፈው ያለ መነጽር ነው። ይህን የምነግርህ ለጉራ ነው።

ምን ይታየዎታል ብለህ ጠይቀኸኛል። ብዙ ነገር ይታየኛል፣ አንዳንዱን ባላየሁት ይሻል ነበር። ሳሎናችን እንዲህ መቆሸሹን ማንም አልነገረኝም። ሸሚዞቼ ለካ ነጭ ነበሩ፤ መርፌን ይቅርታ ጠይቄያለሁ፣ ሳሙናውን ግን ገና ነኝ። እናንተ ሁለታችሁ ከጀርባዬ ስትጻጻፉ እንደ ነበርም አውቃለሁ። መጋረጃው ውስጥ ወረቀት ሲገለበጥ እሰማ ነበር። ጨርቅ እንደዚያ አይንኮሻኮሽም። ምን እንደ ተጻጻፋችሁ አልጠየቅሁም፤ ሁለት ልጆች ያሳደገ ሰው ስለ እሱ ሲጨነቁ ቢሰማ ምን ይከፋዋል?

አንሶላውን የገለጥኩት ብቻዬን ነው። መርፌ ገበያ ሄዳ ነበር። ቀኙን ጨፍኜ በግራው አየሁት፣ ነጭ ነው። ግራውን ጨፍኜ በቀኙ አየሁት። ልጄ፣ ሰማያዊ ነው። መዶሻ እውነቱን ነው፣ እንዲያውም ቆንጆ ሰማያዊ ነው። መስኮቱ ሥር ተቀምጬ አንዱን ዓይን ስጨፍን፣ ሌላውን ስገልጥ ቆየሁ። ከዚያ አለቀስኩ። ሐኪሙ ዓይንዎን አይሹ ነው ያለኝ፣ አያልቅሱ አላለኝም።

ፈርቼ እንደ ነበር ልንገርህ። ዓይኔ እንዳይጠፋ ብቻ አይደለም። ምናልባት ለዓመታት ሳላውቅ የሰው መኪና ሳበላሽ ኖሬ ይሆን ብዬ ነበር የፈራሁት። መዶሻን በእውነት ንገረኝ ብዬ ያዝኩት። ከዚያ ከጥንቱ በር በቀር፣ ከጋራዡ እስከ ወጣህበት ቀን ድረስ አንድም መኪና ለቀለም አልተመለሰም አለኝ። እሱ ለማስደሰት መዋሸት የማይችል ሰው ስለሆነ አመንኩት።

ሐኪሙ ቀለም ሲፈቅድልኝ የላክኸውን ነጭ ከፈትኩ። ነጭ ነው፣ ምንም አልጎደለውም። ፋብሪካውን ሰድቤው ነበር፣ ይቅር ይበለኝ። አውሮፕላኑን እንደገና አሸሁት፣ ቀባሁት፣ ቀዩን መስመር በአንድ ትንፋሽ አሰመርኩ፣ መስታወቱን ገጠምኩ። ሰማይ ለማየት የተሠራ ነገር ዓይኑ በመጨረሻ ገባለት። ሆዱን ብቻ ሰማያዊ ተውኩት።

የተውኩት ለናሙና ነው። አርባ ዓመት የሰው ቀለም ሳመሳስል ኖሬ፣ የራሴን ስህተት ማመሳሰል አቅቶኝ ይቀራል ብዬ እልህ ያዘኝ። ስቀይጠው ስንት ጠብታ እንዳደረግሁ አላስታውስም፤ ማመሳሰል ያለብኝ በማየት ብቻ ነው። መጀመሪያ አረንጓዴ በዛበት። ሁለተኛው ደከመ። ሦስተኛውን ሆዱ ላይ ጠብ አድርጌ፣ ደርቆ፣ መርፌን ጠራኋትና አዲሱ የት ጋ ነው አልኳት። ብርሃን ላይ አዙራ አዙራ አጣችው። መዶሻ መጣ፣ አጣው። እኔ ራሴ ዞር ብዬ ስመለስ አጣሁት።

ይኸው ነው ልነግርህ የፈለግሁት። ያ ዓይን አልጠፋም፣ ልጄ። እዚያው ነበር፣ ከመጋረጃ ጀርባ።

ብዙ ስለ ቀየጥኩ አንድ ቆርቆሮ ሙሉ ተረፈ። መርፌ በሬን ይቅቡልኝ አለች፣ ደንበኞቼ በዚያ ይለዩኛል ብላ። ሰኞና ማክሰኞ ቀባሁት፤ አላፊ አግዳሚው ይቆማል። የምግብ ጠረጴዛው ወደ ቦታው ተመልሷል፣ አውሮፕላኑ ቁም ሣጥኑ ላይ በሦስት እግሩ ቆሟል። የግራ ዓይኔን መጋቢት ውስጥ ይሠሩልኛል፤ ቀጠሮውን እኔው ነኝ የያዝኩት። ፈቃድህን ያኔ ጠይቅ እንጂ አሁን አትቸኩል፤ እቃውንም እንደ ድሮህ አውርድ፣ ልጆቹ ይጠብቁሃል።

ስትመጣ ግን ልብ በል። በራችን ሰማያዊ ሆኗል፤ የድሮውን ቡናማ በር ስትፈልግ እንዳታልፈን።

አጎትህ